አስቸኳይ፦ የገዛሁት ላፕቶፕ የማላውቀውን ድርጅት ኢሜይል ይጠይቀኛል፣ የመመለሻው ጊዜ ነገ 6 ሰዓት ያልቃል

ሂሳብ_ክፍል (ከምሽቱ 1፡50)
ሰላም ለሁላችሁ፣ የሚያውቅ ቶሎ ይርዳኝ። ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ በቅናሽ ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ሲከፈት ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ቤት ወስጄ የሰው ፋይል እንዳይኖርበት ብዬ ሪሴት አደረግኩት። ዋይፋይ ሳገናኘው የአንድ የውጭ ድርጅት ስምና አርማ መጣና የመሥሪያ ቤት ኢሜይል አስገቢ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አያልፍም። ሻጩ የሰጠኝ ፓስወርድ አይሠራም። በዚያ ላይ ስክሪኑ ትንሽ ዘወር ብዬ ሳየው ይጨልማል፣ ባትሪውም ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። የ3 ቀን መፈተሻ ተሰጥቶኛል፣ ነገ ቀን 6 ሰዓት ያበቃል። ይህን ፓስወርድ የሚሰብር ሶፍትዌር ያላችሁ?

ባለ_ፍላሽ (1፡54)
ፎርማት አድርገው ወንድሜ። ዊንዶውስ 11 በፍላሽ ጫን፣ አለቀ።

ጥሩ_ብሎን (1፡57)
ሞዴሉ ምንድን ነው? ፕሮሰሰሩስ? «ላፕቶፕ ገዛሁ» ብሎ መፍትሔ መጠየቅ ሐኪም ቤት ደውሎ «አመመኝ» ብሎ ስልኩን እንደመዝጋት ነው።

ሂሳብ_ክፍል (2፡31)
ይቅርታ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ኮር አይ5፣ ራም 8፣ ኤስኤስዲ 256። 36,000 ብር። @ባለ_ፍላሽ እህትህ ነኝ። ፎርማት ያልከኝን በጎረቤት ፍላሽ አሁን ጨረስኩት፣ ዋይፋይ ሲገናኝ ያው ገጽ ተመልሶ መጣ።

ባለ_ፍላሽ (2፡33)
ፍላሹ ይሆናል። በሌላ ፍላሽ ሞክሪው።

ሶደር (2፡46)
በመቶ ፍላሽም ብትሞክሪው አይለቅም፣ እንቅልፍሽን አታጪ። ያየሽው ገጽ ቫይረስም የዊንዶውስ ብልሽትም አይደለም፣ አውቶፓይለት የሚባለው የማይክሮሶፍት አሠራር ነው። ድርጅቶች ላፕቶፖቻቸውን በጅምላ ሲገዙ የእያንዳንዱን ማሽን መለያ በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ በስማቸው ያስመዘግባሉ። መዝገቡ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ዲስኩ ላይ አይደለም። ለዚህ ነው ፎርማት ብታደርጊው፣ ኤስኤስዲውን አውጥተሽ አዲስ ብታስገቢም የማይጠፋው። ዊንዶውስ ከባዶ ተጭኖ መጀመሪያ ኢንተርኔት ሲያገኝ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ ደግሞ የዚያ ድርጅት ስም ነው።

የሚሰብር ሶፍትዌር የለም። የሚያስለቅቀው የዚያ ድርጅት የአይቲ ሰው ብቻ ነው፤ በሲሪያል ቁጥሩ ፈልጎ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። ለእሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ አንቺ ግን እሱን አታገኝውም። ከላኪው ጋር ግንኙነት ያለው ሻጩ ነው፣ ስለዚህ ጉዳዩን ለእሱ መልሺለት።

የተሰረቀ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ። ድርጅት ዕቃ ሲያስወግድ ዲስኩን አጽድቶ መዝገቡን መሰረዝ የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ተሰርቆም ይሁን ተረስቶ ግን ገጹ አንድ ዓይነት ነው፣ ከአንቺ ወገን ሆኖ መለየት አይቻልም።

ቀጭን_ጌታ (2፡52)
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር ብለሻል። የሚሠራን ነገር ሪሴት ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ኢንተርኔት ሳታገናኚ ዊንዶውስ ጫኝና ተጠቀሚበት፣ ሻጩም ያደረገው ይህንኑ ነው። 36,000 ብር ከፍሎ መመለስ ምን ይሉታል?

ሶደር (3፡01)
@ቀጭን_ጌታ ሻጩ ያደረገው እሱን መሆኑማ ግልጽ ነው። ያለ ኢንተርኔት የተጫነው ዊንዶውስ እስከሚቀጥለው ሪሴት ይሠራል። ከስድስት ወር በኋላ ዊንዶውስ ተበላሽቶ ከባዶ ሲጫን ገጹ እንደገና ይመጣል፣ ያኔ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ልትሸጠው ስትልም ከእሷ የሚገዛው ሰው ዛሬ እሷ የጠየቀችውን ይጠይቃታል። በመፈተሻው ጊዜ ውስጥ ሪሴት ማድረጓ ስህተት አልነበረም፣ ማድረግ ያለባትን ነው ያደረገችው። ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ሲገዛ መጀመሪያ የሚደረገው ፈተና ይኼው ነው።

ፔንግዊን (3፡04)
በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫኚበት። አውቶፓይለት ለዊንዶውስ ብቻ ነው፣ ሊኑክስ ዞር ብሎም አያየውም።

ሂሳብ_ክፍል (3፡06)
ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ሊኑክስ ላይ ይሄዳል?

ፔንግዊን (3፡07)
...አይ። መልሺው።

ጋሽ_ኪቦርድ (3፡20)
እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ሲባል ሦስት ቤተሰብ ነው የሚታወቀው፦ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቱድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። እነዚህ በቅናሽ የሚገኙት ድርጅቶች በየሦስትና አራት ዓመቱ በጅምላ ስለሚቀይሯቸው እንጂ ስለማይረቡ አይደለም። ማጠፊያቸው ጠንካራ፣ ኪቦርዳቸው ለሚጽፍ ሰው የተሠራ፣ መለዋወጫቸው በቀላሉ የሚገኝ ነው። በዚሁ ዋጋ አዲስ የሚሸጠው ፕላስቲክ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ላይ የተበየደ 4 ጂቢ ራም ይዞ ይመጣል።

ስም ብቻ አይተሽ ግን አትግዢ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም ማለት ይቻላል፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ትውልድ ነው፣ ጂ4 7ኛ። ጂ5 በብዛት 8ኛ ነው፣ ነገር ግን 7ኛ ትውልድ የተገጠመለት ጂ5ም አለ። ሲመለከቱት አንድ ናቸው። የፕሮሰሰሩን ቁጥር አንብቢ፦ 8250 ወይም 8350 ካለ 8ኛ ነው፣ 7200 ወይም 7300 ካለ 7ኛ ነው። ልዩነቱ የስም አይደለም፤ በእነዚህ ላፕቶፖች ላይ የ7ኛው አይ5 ባለ 2 ኮር ሲሆን የ8ኛው ባለ 4 ኮር ነው። ኪቦርዱ አጠገብ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኚ፣ ስቲከር ይቀየራል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ የተጻፈውን እመኚ። ቲንክፓድን በተመለከተ ደግሞ...

ጥሩ_ብሎን (3፡22)
ጋሼ፣ ልጅቷ እስከ ነገ 6 ሰዓት ነው ያላት።

እናኑ_ፒሲ (3፡35)
ስለ ስክሪኑ ማንም አልመለሰልሽም፣ እኔ ልመልስ። ምናልባት አልተበላሸም። የጂ5 አንዳንዶቹ ሹር ቪው የሚባል ስክሪን አላቸው፣ አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው እንዳያይ ተብሎ የተሠራ ነው። ኤፍ2 ቁልፍ ላይ የስክሪን ምልክት ካለ ኤፍኤንን ይዘሽ እሱን ጫኝው። ጨለማው ከቀነሰ ሹር ቪው ነው። አጥፍተሽውም ቢሆን ከተራው ስክሪን ፈዘዝ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ለሚያይ ዓይን አልመርጠውም። ምንም ለውጥ ከሌለ ወይ ርካሽ ፓነል ተቀይሮበታል፣ ወይ ሲመረትም ዝቅተኛው ዓይነት ነበር።

ባትሪውን ያለ ዊንዶውስ ማየት ትችያለሽ፣ ስለዚህ ያ ገጽ አያግድሽም። አጥፊው፣ ስታበሪው ወዲያው ኤፍ2ን ደጋግመሽ ጫኝ፣ የመመርመሪያ ገጽ ይመጣል። ባትሪ የሚለውን ፈትሺ። ሲመረት የነበረው አቅም፣ አሁን የሚይዘውና ስንት ዙር ቻርጅ እንደተደረገ ይነግርሻል። የጂ5 ባትሪ አዲስ ሲሆን 50 ዋት-ሰዓት ነው።

ከዚያ እንደገና አጥፍተሽ በኤፍ10 ባዮስ ግቢ። ፓስወርድ ከጠየቀሽ እዚያው ላይ ነገሩ አለቀ፣ አትያዥው። ካልጠየቀሽ ሴኩሪቲ ውስጥ አብሶሉት የሚል ፈልጊ፤ አክቲቭ ካለ ሌላ የርቀት መቆለፊያ አለበት ማለት ነው።

ሂሳብ_ክፍል (4፡10)
እናኑ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ኤፍ2ን ስጫን በራ! ሹር ቪው ነው። ባዮስ ፓስወርድ አልጠየቀም፣ አብሶሉት ኢንአክቲቭ ይላል። ፕሮሰሰሩ 8350 ነው። ባትሪው ግን 50,000 የሚለው አጠገብ 23,400 ይላል፣ ዙሩ 611። ምን ማለት ነው?

ሶደር (4፡18)
47 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው። ኤክሴልና ብራውዘር ብርሃኑ መካከለኛ ሆኖ 8 ዋት አካባቢ ቢወስድ፣ አዲሱ 6 ሰዓት ይሄድ ነበር፣ ያንቺው 3 ሰዓት አይሞላም። መብራት ሲጠፋ ፒችትሪ ክፍት ሆኖ መዘጋት የሌለበት ሰው ይህን ቁጥር ማየት አለበት። 80 በመቶና ከዚያ በላይ ካለው ደስ ይበልሽ፤ ከ60 በታች ከሆነ የባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ላይ ይቀነስ። የተቀየረ ባትሪ ሲሰጡሽም ቁጥሩን ብቻ አትመኚ፤ ከቻርጀር ነቅለሽ 20 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቺበት። ሐሰተኛው 100 በመቶ እያለ ድንገት 60 ይሆናል፣ ወይም 30 ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል።

ባለ_ፍላሽ (4፡20)
ባትሪው ፎርማት ሲደረግ ይስተካከላል 😄

ጥሩ_ብሎን (4፡24)
ፈገግ አሰኘኸኝ። ለማንኛውም፣ ነገ ሻጩ «ሌላ ልቀይርልሽ» ቢልሽ ይዘሽ አትሂጂ፣ እዚያው ፈትሺው። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ ቡና ጠጪበት።

በስልክሽ ሆትስፖት ክፈቺ። ላፕቶፑን እሱ ፊት ሪሴት አስደርጊው፣ ሲጨርስ ከሆትስፖቱ ጋር አገናኝው። የድርጅት ስም ሳይመጣ የግል ወይስ የሥራ ብሎ ከጠየቀ ንጹሕ ነው። «አካውንት ውስጥ የሥራ አካውንት የለበትም፣ እይው» ቢልሽ አትቀበዪ፤ ያ ባዶ ሆኖም መዝገቡ ሰርቨር ላይ ሊኖር ይችላል። ያንቺም ሱቅ ውስጥ ባዶ ሳይሆን አይቀርም።

ሪሴቱ እየሄደ ሳለ አካሉን እይ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና አራቱን ማዕዘን ተራ በተራ ጫን ጫን አድርጊ፣ ከተወዛወዘ ወይም ታችፓዱ ከፍ ብሎ አልጫን ካለ ባትሪው አብጧል፣ እሱን አትንኪው። ክዳኑን በአንድ ጣት 45 ዲግሪ ላይ አቁሚው፤ ከወደቀ ማጠፊያው ላልቷል። ቻርጀሩን ሰክተሽ ገመዱን በቀስታ አወዛውዢ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ የመሰኪያው ጉዳይ ነው። ጂ5 በክብ ቻርጀርም በዩኤስቢ-ሲ ገመድም ቻርጅ ስለሚያደርግ ሁለቱንም ሞክሪ፣ አንደኛው ሞቶ በሌላኛው የሚሸጥ ብዙ ነው። ቻርጀሩ ላይ 65 ዋት ይጻፍበት፤ 45ም ይሠራል ግን እየሠራሽበት ቻርጅ ሲያደርግ ይንቀራፈፋል።

ጋሽ_ኪቦርድ (4፡31)
ኪቦርዱን ረሳችሁ። ከአውሮፓ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የፈረንሳይ ወይም የጀርመን ነው። የፈረንሳዩ ላይ የኤ እና የኪው ቦታ ይለዋወጣል፣ የጀርመኑ ላይ የዋይ እና የዜድ። ዊንዶውሱን ወደ አሜሪካ ኪቦርድ ማስተካከል ይቻላል፣ ያኔ ግን ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ የሚወጣው ሌላ ነው። በፓወር ግዕዝ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ኤ ብሎ ኪውን ሲመታ ያለው ብስጭት አይጣል ነው። ስቲከር የተለጠፈበት ከሆነ አንዱን ላጥ አድርጊና ከሥሩ ያለውን ፊደል እዪ። ኖትፓድ ከፍተሽ እያንዳንዱን ቁልፍ ምቺ፣ ሁለት ጊዜ የሚጽፍ ወይም ጠንክሮ የሚጫን ካለ ሻይ ፈሶበታል።

እናኑ_ፒሲ (4፡38)
ኤስኤስዲውንም ጨምሪ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፣ መጫን የማያስፈልገው ዓይነት አለው። ጤናው በመቶኛ፣ የሠራበት ሰዓትም በቁጥር ይወጣል። ኤስኤስዲ ጤናው 90ዎቹ ውስጥ ከሆነ ጥሩ። ላፕቶፑ አምስት ዓመት ያረጀ ሆኖ ዲስኩ 40 ሰዓት ብቻ የሠራ ከሆነ ግን ዋናው ወጥቶ ሌላ ተተክቷል ማለት ነው፣ ርካሽ እንዳይሆን ስሙን አንብቢ።

ራሙን አትጨነቂበት። ጂ5 ሁለት የራም ቦታ አለው፣ አሁን ያለው ነጠላ 8 ከሆነ ሌላ ዲዲአር4 8 ስትጨምሪበት 16 ይሆናል፣ ፍጥነቱም ይሻሻላል። ስለዚህ ለ16 ጂቢ ብሎ 8,000 ብር ከሚያስጨምርሽ የተሻለ ስክሪን ያለውን ምረጪ። ራም ይጨመራል፣ ስክሪን መቀየር ግን ጣጣ ነው።

ቀጭን_ጌታ (4፡41)
ይህን ሁሉ የሚፈትሽ ሰው ላፕቶፕ አይሸጡለትም።

ሶደር (4፡43)
የሚያስፈትሽ ሱቅ አለ፣ የማያስፈትሽ ሱቅ አለ። ከሁለተኛው በመግዛት አይደለም ችግሩ የጀመረው?

@ሂሳብ_ክፍል ገጹን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ የድርጅቱ ስምና የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር አንድ ላይ እንዲታዩ አድርጊ። ደረሰኙ ላይ ሲሪያሉ ከሌለ ዛሬ ማታውኑ ሻጩ ጋር በቴሌግራም ጻፊለት፣ ፎቶውንም ላኪ። ነገ 5፡50 ላይ ደርሰሽ «ትናንት ነው ያሳወቅኩህ» ማለት እንድትችይ።

ሂሳብ_ክፍል (4፡58)
ላኩለት። ማንበቡን የሚያሳየው ሁለት ምልክት መጥቷል፣ መልስ የለም። ነገ 3 ሰዓት ሲከፍት እዚያ ነኝ።

አዲስ_ገቢ (በማግስቱ፣ ከቀኑ 8፡15)
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። ላቲቱድ 7490፣ አይ5-7300ዩ፣ ራም 16፣ 31,000 ብር። ይያዝ?

ጥሩ_ብሎን (8፡22)
ጋሽ_ኪቦርድ ከላይ የጻፈውን አንብብ። 7300 ማለት 7ኛ ትውልድ ነው፣ 2 ኮር፣ በይፋ ዊንዶውስ 11 የለውም። 7490 በ8ኛም ወጥቷል፣ እሱን ፈልግ። ራም 16 አያታልልህ።

እናኑ_ፒሲ (9፡40)
@ሂሳብ_ክፍል መለሰልሽ?

ባለ_ፍላሽ (ከምሽቱ 12፡05)
ፎርማት እያደረገችው ይሆናል።