ያረጀ ኩታና ጂንስ አብሮ አልሰፋ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ልብስ ስፌት የምትችሉ እህት ወንድሞች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራችን ከአንድ ገጸ ባሕርይ ተነስቶ ካረጀ ልብስ አዲስ መሥራት ነው፤ ከክር በቀር አዲስ ነገር መግዛት ክልክል ነው። እኔ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጉዱ ካሳ መረጥኩ። (ክፍሉ ግማሹ ሰብለ ወንጌልን ይዟል፤ እኔን ግን አገሬው እብድ ያለው ሰው ነው የሚስበኝ።)

ሐሳቤ የሰልባጅ ጂንስ ጃኬት ላይ የአያቴን ኩታ እንደ እጅጌና ጀርባ መግጠም ነው፣ ጥለቱ ተገልብጦ ወደ ውስጥ። ችግሩ ኩታው ሳስቷል። ጂንሱ ጋ ስሰፋው ይሸበሸባል፤ ትከሻው ላይ ደግሞ ስፌቱ ሳይበጠስ ከጎኑ ያለው ድርና ማግ እየተንሸራተተ ይከፈታል። ዚግዛግ ብሞክር ባሰበት። ቀጭን መርፌና ረዘም ያለ ስፌት ትንሽ አሻሽሎታል፣ ትከሻውን ግን አላዳነውም።

ያረጀ አንሶላ ገበር ላድርግለት? ከሆነ መጀመሪያ ኩታውን ገበሩ ላይ በእጅ ልጥለፈው ወይስ ሦስቱን አንድ ላይ በማሽን ልስፋ? ቀዩ ጥለትም ሲታጠብ ነጩን እንዳያቀልመው የምታውቁት መላ ካለ ጨምሩልኝ።