የትንሽ ናፍጣ መኪና ፍጆታ ከ5 ሊትር ወደ 6.7 ወጣ፤ ከኢንጀክተር በፊት ምን ልፈትሽ?

ቀስ_በቀስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ 1.5 ሊትር ናፍጣ ናት፤ ኮመን ሬል (ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቧንቧ ወደ ሁሉም ሲሊንደር የሚረጭበት)፣ ቱርቦና ዲፒኤፍ (የጥቀርሻ ማጣሪያ) ያላት፣ ማርሿ የእጅ፣ 165 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች። ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር አካባቢ ትበላ ነበር፤ አሁን 6.7 ደርሳለች። የቼክ መብራት አልበራም፤ ጭስም አይታይም፤ ጉልበቷ ትንሽ የቀነሰ ይመስላል። የሙቀት ጌጇ ድሮ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ አሁን ረጅም ቁልቁለት ላይ ዝቅ ይላል። አብዛኛው ጉዞ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ጋራዥ አራቱም ኢንጀክተሮች (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት) ይቀየሩ ብሏል። ከዚያ በፊት ራሴ ልፈትሻቸው የምችላቸው ነገሮች ካሉ ንገሩኝ፤ ስለ ዘይትና ፊልትሮ መቀየሪያ ጊዜም ሐሳብ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ቡሎንና_ዳዶ፦
ኢንጀክተር የመጨረሻው ይሁን፤ ሳይለካ አራቱንም ቀይር ማለት ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም።

መጀመሪያ ቁጥሩን አረጋግጥ። 6.7 ያልከው ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ከሆነ ብዙ አትመነው። ታንከሩን ሙላ፤ ናፍጣ አረፋ ስለሚያወጣ መቅጃው መጀመሪያ ራሱን ሲያቆም አንተም አቁም፣ አትጨምርበት። ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አድርገህ ንዳ፤ ከሩብ በታች ሲደርስ እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ፓምፕ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ሙላ። የገባውን ሊትር በተሄደው ኪሎ ሜትር አካፍለህ በ100 አባዛ፦ 38.4 ሊትር ለ600 ኪሎ ሜትር ከገባ 6.4 ነው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ታንከር አማካይ ውሰድ። ጎማው ከፋብሪካው መጠን ከፍ ባለ ከተቀየረ ደግሞ ቆጣሪው ከተሄደው አሳንሶ ስለሚቆጥር ፍጆታው በወረቀት ላይ ብቻ ይጨምራል።

ቀጥሎ ጎማ። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በነዳጅ ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ጣሪያው ነው፣ በእሱ አትሙላ። የፊት ጎማ ውስጠኛው ወይም ውጨኛው ጠርዝ ብቻ ከተበላ አላይመንት ያስፈልጋል፤ የፊት እግሮቹ ተጣመው እየተጎተቱ መሄዳቸው ነዳጅም ጎማም ይበላል።

የሚዘነጋው ፍሬን ሳይለቅ ተይዞ መቅረቱ ነው። 15 ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙ ሳትይዝ ነድተህ ቀስ ብላ ራሷ እንድትቆም አድርግ፤ ከዚያ እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ (አትንካው፣ ሊያቃጥል ይችላል)። አንዱ ከጎን ጓደኛው ይልቅ በግልጽ ከሞቀ ሸራው ዲስኩን እየላሰ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ማንሸራተቻ ፒኖች መድረቅ ነው፤ ወጥተው ይጸዳሉ፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባሉ። ተራ ግሪስ የፒኖቹን የጎማ ሽፋኖች ስለሚያሳብጥ እዚያ ቦታ አይገባም። የኋላው ከሞቀ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ተመልከት።

ጌጅ_ተመልካች፦
ከጥያቄው ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ቁልቁለት ላይ ጌጁ ዝቅ ይላል» የሚለው ነው። ይህ ክፍት ሆኖ የቀረ ቴርሞስታት (ኩላንቱን ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው መዝጊያ) ምልክት ነው። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ሙቀት ነው የሚያባክነው፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሳ ደግሞ ነዳጅ ጭራሽ አይረጭም። ቴርሞስታቱ የሚዘጋ ከሆነ ሙቀቱ ይጠበቃል፤ ካልዘጋ ራዲያተሩ ያለ እረፍት ያቀዘቅዘዋል። ብዙ መኪናዎች ላይ ጌጁ በአነስተኛ ለውጥ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ እሱ ዝቅ ካለ እውነተኛው ሙቀት በጣም ወርዷል ማለት ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ አስነሱት፤ ከቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጅ ያዙ (በአብዛኛው የላይኛው ነው፤ ከቺንጋውና ከፋኑ ርቃችሁ)። ደህና ቴርሞስታት ከ83 እስከ 89 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ስለማይከፈት ቱቦው ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ድንገት ይሞቃል። ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ ካለ ክፍት ነው። የኦቢዲ መሣሪያ (የሞተሩን ኮምፒውተር ንባብ የሚያሳይ) ካለ የበለጠ፦ ሜዳ መንገድ ላይ በ80 ሲነዳ ንባቡ 85 አካባቢ ረግቶ መቆም አለበት፤ ወደ 70 የሚወርድ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። የቼክ መብራት አለመብራቱ ነጻ አያወጣውም።

ቀዝቃዛ ሞተር ለምን ይበላል? ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱም ወፍራም ሆኖ ይጎትታል። የባሰው ዲፒኤፉ ላይ ነው። ማጣሪያው ሲሞላ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ዘግይቶ በመርጨት የጭሱን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ አድርሶ ጥቀርሻውን ያቃጥላል። ሞተሩ ካልሞቀ ይህ ሥራ አይጀመርም፤ ቢጀመርም በአጭር ጉዞ ይቋረጣል፤ ተቋርጦ ሲደገም ነዳጁ በከንቱ ይሄዳል፣ ከፊሉም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የዘይቱን መጠን አሁኑኑ ለኩ።

ቴርሞስታት ሲቀየር ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን፤ የጋለ ክዳን አይከፈትም። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ያለችበት ከሆነ ወደ ላይ ትዙር። ኩላንቱ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት፣ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውኃ ጋር፤ ከዚያ የካቢኑን ማሞቂያ ሙሉ ከፍቶ አየሩን ማስወጣት። አሮጌውን ከማስቀመጫ ቱቦው ካወጣችሁ በኋላ በድስት ውኃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ በቴርሞሜትር ብታሞቁት የሚከፈትበትን ቁጥር በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ቁጥሩ በላዩ ላይ ተቀርጿል።

ቀስ_በቀስ፦
አመሰግናለሁ። በታንከር ሒሳብ 6.4 ወጣ። የፊት ግራ ጎማ 2.3 ባር መሆን ሲገባው 1.7 ነው። ቸርኬዎቹ እኩል ናቸው። ያ ቱቦ ገና ከመነሻው ለብ ማለት ጀመረ። ዘይቱ ደግሞ ከላይኛው ምልክት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አልፏል፣ ናፍጣም ናፍጣ ይሸታል። መንዳቴን ልቀጥል?

ጌጅ_ተመልካች፦
አይነዳ፤ በተለይ ረጅም መንገድና ከፍተኛ ዙር ላይ። በናፍጣ የቀጠነ ዘይት የቱርቦውንና የክራንኩን ኩሽኔታ አይጠብቅም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አለ፤ መጠኑ በጣም ሲያልፍ ዘይቱ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይሳባል፣ ሞተሩም ቁልፉ ቢዘጋ እንኳ ዘይቱን እያቃጠለ ዙሩን ራሱ ሊያስወነጭፍ ይችላል። ከላይ ትንሽ ቀንሶ መተው መፍትሔ አይደለም፤ የቀጠነው ሁሉም ዘይት ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ቴርሞስታቱንና ዘይቱን ከነፊልትሮው በአንድ ቀን ቀይሩ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሰፊ መንገድ ላይ በ4ኛ ማርሽ ከ2000 ዙር በላይ ይዛችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳትቆሙ ንዱ። የዲፒኤፉ ጽዳት ሲካሄድ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት) ወደ 1000 ዙር ይወጣል፣ ፋኑ ቆማችሁም ይዞራል፣ የቅጽበት ፍጆታው ከፍ ይላል፣ የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል። እነዚህን ካያችሁ ቤት ብትደርሱም ሞተሩን አታጥፉ፤ ትንሽ ዞራችሁ አስጨርሱት። በደረቅ ሣር ላይ አታቁሟት።

ዘይቱ ዲፒኤፍ ላለው ሞተር የተሠራ አመድ አነስተኛ ይሁን፤ ጣሳው ላይ ኤሲኢኤ (የአውሮፓ የዘይት ደረጃ) ሲ2 ወይም ሲ3 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፣ የትኛው እንደሆነ የመኪናው መጽሐፍ ይነግራችኋል። ተራ ዘይት ሲቃጠል የሚተወው አመድ በጽዳቱ አይቃጠልም፣ ማጣሪያው ውስጥ ለዘለቄታው ይቀራል። መጽሐፉ 20 ወይም 30 ሺህ ቢልም በ5 ኪሎ ሜትር ጉዞ ለምትኖር መኪና 10 ሺህ ወይም አንድ ዓመት፣ የቀደመው ይቅደም።

ጥቁር_ጭስ፦
ከላይ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የአየሩና የነዳጁ በኩል ሳይታይ መዝጋት ተገቢ አይደለም፣ በተለይ «ጉልበቷ ቀንሷል» ከተባለ በኋላ።

የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ብርሃን ላይ ይዩት። በጣም የተደፈነ ፊልትሮ ቱርቦ ናፍጣን ጉልበት ይነሳል፣ ጭነት ላይም ያጨሳል። በመጭመቂያ አየር አይንፉት፤ ወረቀቱ ይቀደድና አቧራው ቱርቦውን ይፈጨዋል። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የአየር ማቀዝቀዣው) የሚሄዱትን ቱቦዎች ከታች በኩል በእጅ ይዳብሱ፤ የዘይት እርጥበት የተጠራቀመበት ቦታ፣ ወይም ዳገት ላይ «ፍስስ» የሚል ድምፅ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ፋሸታ ነው። የኢጂአር ቫልቮላ (ከፊሉን ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) በጥቀርሻ ተይዞ ክፍት ከቀረ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ዲፒኤፍ ስላለ ጭሱን በዓይን አያዩትም፤ ማጣሪያው ይውጠውና ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ «ጭስ የለም» ማለት «ጥፋት የለም» ማለት አይደለም።

የናፍጣ ፊልትሮ በየ20 እስከ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየር፤ ከሥሩ የውኃ ማውጫ ካለው በየዘይት ቅየራው ጥቂት ወደ ግልጽ ጠርሙስ ያውጡ፣ ውኃ ካለ ከታች ይዘቅጣል። የከፍተኛ ግፊት ፓምፑን የሚቀባው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ ውኃ ለእሱ መርዝ ነው። ሲቀየር ቧንቧዎቹ አካባቢ አስቀድሞ ይጽዳ፣ አየሩ በእጅ ፓምፑ ወይም ቁልፉን ደጋግሞ በመክፈት ይውጣ፤ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ደቂቃ ሙሉ አያስጩሁት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ ናፍጣ ላይ እንደሚደረገው ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ቧንቧ ማላላት በኮመን ሬል አይሞከርም። ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ይሄዳል፤ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል።

ኢንጀክተሮቹን ሳይነቅሉ መፈተሽ ይቻላል። ከኢንጀክተሮቹ የተረፈውን ናፍጣ የሚመልሱት ቱቦዎች ይነቀሉና አራት እኩል ግልጽ ጠርሙሶች ይገጠማሉ፤ ሞተሩ ሞቆ ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይሠራል። አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ በጣም ቀድሞ ከሞላ የተበላው እሱ ብቻ ነው። በኢንጀክተሩ ዙሪያ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ከተጋገረ ደግሞ ከሥሩ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ናት የምታፈስሰው፤ እሷን መቀየር ሌላ ነው፣ ኢንጀክተር መቀየር ሌላ ነው። አዲስ ከተገጠመም ብዙ ሞተሮች ላይ በላዩ የታተመው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካልገባ ሥራው ግማሽ ነው። ታንከር ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ የተበላ ኢንጀክተር አያድንም፤ ቤንዚን መቀላቀል ግን ፓምፑን ይገድላል።

ቡሎንና_ዳዶ፦
አነዳዱ ላይ ትንሽ ልጨምር። ማርሽ በ2000 ዙር አካባቢ ቀይር፤ ግን ዳገት ላይ ከ1400 በታች አፍነህ አትጫናት፣ ጥቀርሻ ታበዛለች፣ የፍሪሲዮኑን ቮላኖም ትመታዋለህ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መንሸራተት ቁጠባ አይደለም፤ ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ስታነሳ ፍጆታው ዜሮ ነው፣ ስታወጣ ግን ሞተሩ ሚኒሞውን ለመያዝ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ፍሬኑም ብቻውን ይደክማል። ጠዋት ቆመህ አታሙቃት፤ ሚኒሞ ላይ ናፍጣ ሞተር አይሞቅም፣ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ግን ይሄዳል። ግማሽ ደቂቃ ቆይተህ በቀስታ ተነሳ። ሰፊ መንገድ ላይ ከ90 ወደ 110 ስትወጣ የነፋሱ ግፊት በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ባዶ ፖርቶ መጋላ ካለ አውርደው።

ቀስ_በቀስ፦
ቴርሞስታትና ሲ3 ዘይት ታዟል፤ ጎማው ተሞልቷል፣ የናፍጣ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። የመመለሻ ፍተሻውን ከዚያ በኋላ ላድርገው ወይስ አሁኑኑ?

ጥቁር_ጭስ፦
በኋላ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚገኘው ውጤት አይታመንም። ሁለት ሙሉ ታንከር ለክተው ፍጆታው ከ5.5 በላይ ከቀረ ያን ጊዜ ጠርሙሶቹን ይገጥማሉ። እስከዚያ ግን የዘይት መለኪያ ዘንጉን በየሳምንቱ ያውጡ፤ እንደገና ከፍ ማለት ከጀመረ ጽዳቱ አሁንም እየተቋረጠ ነው፣ ወይም አንድ ኢንጀክተር በእርግጥ እያፈሰሰ ነው።