ጅማ ላይ ቤት ከመግዛታችን በፊት የጎረቤት ክርክር እንዳለ እንዴት እናጣራ?

ሠናይት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቦሳ ኪቶ በ200 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት ልንገዛ ተነጋግረናል። ካርታ አለው፤ ሻጩም ከእዳና ከእገዳ ነፃ ነው የሚል ደብዳቤ አሳይቶናል። ግቢው በሦስት በኩል በብሎኬት ታጥሯል። በምሥራቅ በኩል ግን ብሎኬቱ ግማሽ ድረስ ሄዶ ይቆምና ቀሪው አሮጌ ቆርቆሮ ነው። ከኋላ ላለው ቤት መውጫ የሆነች ጠባብ መተላለፊያም በጎን በኩል አለች። ደላላው «ሰፈሩ ሰላም ነው» ከማለት ሌላ የሚነግረን የለም፣ ሻጩ ደግሞ ቀብዱን በዚህ ሳምንት ይፈልጋል። ከመክፈላችን በፊት የት የት ሄደን፣ ምን ብለን እንጠይቅ?

መዝገብ ቤት

እህቴ፣ ያ ደብዳቤ ጠቃሚ ነው፣ ግን የሚናገረው መሬት አስተዳደር ፋይል ውስጥ የገባውን ብቻ ነው፦ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ። ክስ ተከፍቶ እግድ ካልተጠየቀበት፣ ወይም እግዱ ተሰጥቶ ትእዛዙ ገና ቢሮው ካልደረሰ፣ ደብዳቤው «ነፃ» ብሎ ይወጣል። የወሰን ክርክር ደግሞ ብዙ ጊዜ እግድ ሳይጠየቅበት ነው የሚጓተተው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሳትሄዱ አጣራን አትበሉ።

ፍርድ ቤት መዝገብ የሚፈለገው በተከራካሪ ስም ነው። የካርታ ቁጥር ወይም የቤት ቁጥር ይዛችሁ ብትሄዱ የሚገኝ ነገር አይኖርም። የሻጩን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ ካርታው በውርስ የመጣ ከሆነ የሟቹን፣ በግዢ ከሆነም የቀድሞውን ባለቤት ስም እስከ አያት ያዙ። የምሥራቁንና የኋላውን ጎረቤት ስምም ጨምሩ፤ ከሳሹ ማን እንደሆነ አታውቁምና። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ስሙ በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) እንዴት እንደተጻፈ ከመታወቂያው ላይ ቅዱት። አንዲት ፊደል ከተለወጠች መዝገቡ እያለ «የለም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ሻጩን ይዛችሁ ሂዱ። ለማያውቁት ሰው የሌላን ሰው መዝገብ ላያሳዩ ይችላሉ፣ እሱ ራሱ ሲጠይቅ ግን አያስቸግርም። አብሬ አልሄድም ካለ ያ ራሱ መልስ ነው። ወረዳ ፍርድ ቤትንም ከፍተኛ ፍርድ ቤትንም ጠይቁ። ንብረቱ የውርስ ከሆነ የሸሪዓ ፍርድ ቤትን አትርሱ፤ ጅማ ላይ የውርስ ጉዳይ እዚያ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 እውቅና ያገኙት የባህል ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ የጎረቤት ጉዳይ በመጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ሊሆን ይችላል። በቀበሌው በኩል ጠይቁ።

«ክሱ ተወስኗል፣ አልቋል» ከተባላችሁ የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ። ውሳኔውና አፈጻጸሙ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። አጥር ይፍረስ ተብሎ ተወስኖ፣ ማፍረሱ ገና ያልተፈጸመበት ቤት ከገዛችሁ አፍራሹ የሚመጣው እናንተ በር ላይ ነው።

አጥሩ መቼ እንደተሠራም ጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ (ይዞታዬ ተነካ፣ ይቁምልኝ የሚለው) ይዞታው ከተነካ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አጥሩ ከተሠራ 2 ዓመት ካልሞላው ጎረቤቱ ገና ያንን ክስ ማንሳት ይችላል ማለት ነው። 2 ዓመት ካለፈውም የባለቤትነት ክርክር ይቀራልና ነገሩ ተዘጋ አይባልም።

ቀያሹ

ግማሽ ላይ የቆመ ብሎኬት ብር አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት አስቁሞትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት የቆርቆሮውን ሥር እዩ። የመሠረቱ ድንጋይ ከቆርቆሮው በታች እስከ መጨረሻው ከቀጠለ መስመሩ በፊት ተስማምተውበት ነበር፤ የቆመው ከላይ ያለው ሥራ ብቻ ነው። መሠረቱም ብሎኬቱ የቆመበት ላይ ካለቀ፣ ከዚያ ሲባጎ ወጥራችሁ ስታዩ ቆርቆሮው ከብሎኬቱ መስመር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከወጣ፣ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ወሰን ይዘዋል ማለት ነው።

ለካርታው ልኬት ባለ 50 ሜትር ሜትር ያዙ፤ ሁለት ሰው ይወጥረው፣ መሬት ለመሬት እንዳይጎተት። አራቱን ጎን ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ፣ ሁለቱን ሰያፍም (ከማዕዘን እስከ ትይዩ ማዕዘን) ለኩ። ቦታው 10 በ20 ከሆነ ሰያፉ 22.36 ሜትር መሆን አለበት። ጎኖቹ ልክ ሆነው ሰያፎቹ እርስ በርስ ከተለያዩ ግቢው ተንሻፏል፤ አንዱ ማዕዘን ጎረቤት ግቢ ውስጥ ገብቷል፣ ወይም የጎረቤት ማዕዘን እናንተ ጋ ነው ያለው። በ20 ሜትር ርዝመት ላይ 40 ሳንቲም መግፋት 8 ካሬ ነው፤ በዓይን ግን አይታይም። ከየትኛው የአጥር ገጽ እንደለካችሁም ጻፉ። ባለ 20 ብሎኬት ወሰኑ መሐል ላይ ከተሠራ 10 ሳንቲም ከእያንዳንዱ ወገን ነው፤ ሙሉ በሙሉ በአንዱ ይዞታ ላይ ካረፈ ግን ስሌቱ ይለወጣል።

በስልክ ጂፒኤስ ወሰን አታጣሩ። ስልክ በሜትሮች ይሳሳታል። ካርታው ላይ ያለው ኮኦርዲኔት (የቦታው መገኛ ቁጥር) አዲንዳን በሚባለው የቆየ የቅየሳ መነሻ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ስልኩ የሚያሳየው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ስለሆነ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ሸሽቶ ሌላ ሰው ግቢ ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ብቻ «ካርታው የውሸት ነው» ብለው የሚጣሉ አሉ። ሻጩ በራሱ ስም ለመሬት አስተዳደር ያመልክትና ባለሙያ መጥቶ ችካሉን ያሳይ። አዋሳኞቹ በሙሉ ቆመው ይዩ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈርሙ። አንዱ ጎረቤት አልፈርምም ካለ ክርክሩን አገኛችሁት።

ሌላው ውሃ ነው። ጅማ ላይ ከወሰን እኩል የሚያጣላው የጣሪያ ውሃ ነው። ከባድ ዝናብ ባባራ በሰዓት ውስጥ ሂዱ። የጣሪያው ክፈፍ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ላይ ያንጠባጥባል? አሸንዳ አለው? ውሃው የሚወጣው በየት ነው? የአጥሩን ሥር ተከትላችሁ ሂዱ፤ ከአጥሩ ግርጌ የተበሳ ቀዳዳ ከወዲያ በኩል በማዳበሪያ ጆንያና በድንጋይ ተወትፎ ካያችሁ፣ የላይኛው ግቢ ውሃውን ሲለቅ የታችኛው ሲደፍን የከረመ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓዱንም ጠይቁ። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ነው የሚመከረው። በ200 ካሬ ግቢ ይህ የማይታሰብ ስለሆነ ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ካለው ነገሩ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም።

የእድር ጸሐፊ

ወረቀቱን ወንድሞቼ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ሰዉ ልበል። ጎረቤት ሄዳችሁ «ጠብ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ከሰው እንዳያጣላኝ ብሎ «ኧረ ምንም የለም» ይላል። ስለ ዕቃው ጠይቁ፦ ይህን አጥር ማን አቆመው? ወጪውን ማን አወጣ? ብሎኬቱ ለምን እዚህ ጋ ቆመ? የመተላለፊያዋን በር ማታ የሚዘጋው ማን ነው፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ያኔ ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

ደላላውንም ሻጩንም ሳትይዙ፣ በመጀመሪያ የኋላውን ቤት ሰዎች አናግሩ። በዚያች መተላለፊያ የሚወጡት እነሱ ናቸው። መተላለፊያዋ ሳይት ፕላኑ ላይ ከ200 ካሬው ውስጥ ናት ወይስ ውጭ? ውስጥ ከሆነች ቤቱን የምትገዙት ከነመተላለፊያዋ ነው። የኋላው ቤት ሌላ መውጫ ከሌለው ልዝጋት ብትሉ ሕጉም ሰፈሩም አይፈቅድላችሁም፤ ዋጋውን ስትነጋገሩ ይህን ያዙ። የውሃ ቧንቧውንም ከቆጣሪው ጀምራችሁ በእግር ተከተሉት። በጎረቤት ግቢ አልፎ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም መብራቱ ከሌላ ሰው ቆጣሪ የተሳበ ከሆነ፣ ባለቤት ሲለወጥ «ቁረጡልኝ» ይመጣል።

ተከራዮችንም አናግሩ። የጎረቤት ተከራይ ይሉኝታ ስለማይዘው ከባለቤቱ የበለጠ ይናገራል።

ሠናይት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሄደን ጠየቅን። የምሥራቁ ጎረቤት «ተጣልተን ነበር፣ በሽማግሌ ታርቀናል» አሉ። የእርቁን ወረቀትም ሻጩ አሳየን። «ወሰኑ ባለበት ይቁም» ይላል፤ የሻጩና የጎረቤቱ ፊርማ፣ የሦስት ሽማግሌዎችም ፊርማ አለበት። ይበቃል?

መዝገብ ቤት

እርቅ መውረዱ ትልቅ ነገር ነው፣ ሽማግሌዎቹም ሊመሰገኑ ይገባል። ወረቀቱ ግን አይበቃችሁም። «ባለበት» ማለት የት ነው? ቆርቆሮው ነገ ተነቅሎ በብሎኬት ሲተካ ማን በምን ይለካዋል? የሚስቶችም ፊርማ የለበትም። የጋራ ንብረት ከሆነ ባል ብቻውን የፈረመውን ሚስት ነገ ልትቃወመው ትችላለች። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ወረቀቱ በሜትር፣ ከንድፍ ጋር፣ ባልና ሚስት ከሁለቱም ወገን ፈርመውበት እንደገና ይጻፍ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ከነበረ እርቁ መዝገቡ ላይ ቀርቦ መዘጋቱን የሚያሳይ ግልባጭ ጠይቁ።

ቀብዱን ይህ ሳያልቅ አትስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ክርክር አግኝታችሁ ስትሸሹ «ራሳችሁ ተዋችሁት» እንዳትባሉ፣ የወሰን፣ የመተላለፊያ ወይም የውርስ ክርክር ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል የሚል ቃል በቀብድ ስምምነቱ ላይ ይግባ።

አንድ ሌላ ነገር። አሁን ጠቡን አውቃችኋል። ገዢ እያወቀ በገባበት ነገር የሻጩ ዋስትና ይላላል። ስለዚህ በዋናው ውል ላይ «በምሥራቅ በኩል ባለው ወሰን ለሚነሳ ማንኛውም ክስ ሻጭ ኃላፊ ነው» ተብሎ በስም ይጻፍ። በዚሁ ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ ክፍያውንም የተወሰነው ድርሻ ስም ዝውውሩ ካለቀ በኋላ የሚከፈል አድርጉት።

ቀያሹ

አዲሱን ወረቀት ስትጽፉ ልኬቱን ከቆርቆሮው አትጀምሩ። ከማይነቀል ነገር ጀምሩ፦ ከዋናው ቤት የምሥራቅ ሁለት ማዕዘኖች እስከ ወሰኑ ይህን ያህል ሜትር፣ ከጎረቤት ቤት ግድግዳ እስከ ወሰኑ ይህን ያህል ሜትር ብላችሁ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ እስከ ሳንቲም። ከሁለቱም ቤት ከተለካ አጥሩ ቢፈርስ እንኳ መስመሩ ተመልሶ ይገኛል።