የ12ኛ ክፍል ማለፊያ 50% ይቀነስ ወይስ ይቆይ? የኔ ልጅ ገና 5ኛ ናት ግን ከወዲሁ ጨንቆኛል

የሰሚቷ_እናት፦

ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። እኔ ብዙ አልጽፍም ማንበብ ነው የምወደው፣ ግን ሰሞኑን ግቢያችን ውስጥ በዚህ በ12ኛ ክፍል ውጤት ሰው ሊጣላ ነው። የጎረቤቴ ልጅ 46 አመጣ፣ እናቱ ለቅሶ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። ወንድሟ መጥቶ «50 በዛ፣ ዩኒቨርስቲው ቦታ ስለሌለው ነው ልጆቹን የሚጥሏቸው» ይላል፣ ባለቤቴ ደግሞ «ድሮ በኩረጃ ሲያልፉ ነበር ጥሩ? እንደውም ከፍ ይበል» ብሎት እዛው ቡናው ላይ ተነታርከው ሶስተኛውን ሳይጠጡ ተለያዩ።

እኔን ግን ያስፈራኝ የራሴ ልጅ ናት። ዘንድሮ 5ኛ ገባች፣ የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፣ አምና ስድስተኛ ወጥታ ደስ ብሎን ኬክ ቆርሰናል። ባለፈው እሁድ የአማርኛ መጽሀፏን እስኪ አንብቢልኝ አልኳት፣ ቀጥ አድርጋ ለቀቀችው፣ ደስ አይልም? ከዛ ጣቷን ሳየው ጣቷ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሟል አፏ አራተኛው ላይ ደርሷል። ገጹን በቃሏ ነው የያዘችው! ወደኋላ ገልጬ ሌላ ገጽ ስሰጣት «እማዬ ይሄን ገና አልተማርነውም» አለችኝ። አንብቢ ነው'ኮ ያልኳት።

በሚቀጥለው አመት የ6ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አለባት። ቱቶር ልቅጠር? ትምህርት ቤት ልቀይር? ደሞ ይሄ ሪፎርም ሪፎርም የሚባለው ነገር እውነት ለውጥ አለው ወይስ ልጆቹን መጣል ብቻ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ቾክ_አቧራ፦

እህቴ መጀመሪያ ልጅሽን እንዳትቆጫት፣ ጎበዝ ናት፣ ሲጠይቋት የኖሩትን ነው የሰራችው። እኔ ሰሜን ሸዋ ሀይስኩል ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ 14 አመቴ ነው፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

የ50ው ነገር እንዲህ ነው። ድሮ ተማሪው እዛው የተማረበት ትምህርት ቤት ነበር የሚፈተነው፣ ፈታኙም ከጎረቤት ወረዳ የመጣ የሚያውቀው ሰው ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሙሉ ክፍሉ አንድ አይነት መልስ ይዞ ይወጣ ነበር፣ የተሳሳተውን ራሱ እኩል ነው የሚሳሳቱት። 2008 ላይማ ጭራሽ ፈተናው ሶሻል ሚድያ ላይ ተለቅቆ ተሰርዞ ልጆቹ እንደገና ተፈተኑ፣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ነው ተማሪው ከቀዬው ወጥቶ ዩኒቨርስቲ ግቢ አድሮ ይፈተን የተባለው። የ2014 ባች ጥቅምት 2015 ላይ ተፈተነ፣ ወደ 900 ሺ ከሚጠጋ ልጅ 50ን የተሻገረው 3.3% ሆነ። ከ1 ሺ በላይ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አላሳለፈም፣ አንድም! በአመቱ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ጨመረ ብለው ሲያጨበጭቡ ሰማሁ፣ እሺ ጨምሯል፣ ግን ከ100 ልጅ 91 ወድቆ የሚጨበጨብበት ሀገር ያው እኛ ነን።

እኔ ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ፣ መቶ በመቶ። ግን ፈተና ቴርሞሜትር ነው፣ ትኩሳቱን ነገረን፣ ከዛ ወዲህ ቴርሞሜትሩ ላይ እየተጨቃጨቅን ነው። የአለም ባንክ 10 አመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች ከ100 ወደ 90ዎቹ ቀላል ጽሁፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ያ ልጅ ነው አድጎ 12ኛ ላይ የሚቀመጠው።

አንድ ነገር ላሳይሽ። አምና 9ኛ ክፍል የኒውተንን ሁለተኛ ህግ ጻፍኩ። ከኔ በፊት የገባው የጂኦግራፊ መምህር ሰሌዳው መሀል «ኢሮዥን» (የአፈር መሸርሸር) የሚል ቃል ትቶ ወጥቷል፣ ዳስተር አጣሁና ሳላጠፋው በዙሪያው ጻፍኩ። በኋላ ደብተር ሳይ አንድ ልጅ፣ የእጅ ጽሁፉ እንዴት እንደሚያምር ልነግርሽ አልችልም፣ የኒውተንን ህግ ይጽፍና መሀሉ ላይ «ኢሮዥን» ብሎ ይቀጥላል፣ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ አስምሮበት። ከጎኑ ያለችውም እንደዛው። ሳስቅ አብረው ሳቁ፣ ለምን እንደሳቅኩ ግን አላወቁም። ታች ክፍል በአማርኛ ሲማር ኖሮ 9ኛ ላይ በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሲሆንበት ልጁ ምን ያድርግ፣ ፊደሉን እንደ ስእል ይገለብጣል።

እኛም ያው ነበርን እኮ። እኔ 9ኛ ስገባ ነው ፕላዝማው፣ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት የመጣው፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው፣ አስተማሪዋ በዛ እንግሊዝኛ ታንበለብለዋለች፣ «አሁን ጥያቄውን ስሩ» ትልና ሰከንዱ ይቆጥራል፣ እኛ ጥያቄውን ሳንጨርስ ሰአቱ ያልቃል፣ የኛ መምህር ጥግ ቆሞ እንደኛው ያያል። መብራት ሲሄድ ነበር እልል የምንለው 😂 ያም በጊዜው ሪፎርም ነበር።

ቱቶር ያልሽውን ለፈተና ከሆነ አትቅጠሪ፣ ዎርክሺት ያሸመድዳታል፣ በቃ።

ሪሚዲያል_የወጣ፦

እኔ ልናገር ተጠቂው እኔ ነኝ። 2015 ላይ ተፈትኜ 44 አመጣሁ፣ ክፍላችን ውስጥ ሰቃይ ከሚባሉት ነበርኩ፣ 1ኛ 2ኛ ነበር የምወጣው። ብርድ ልብስና ሶፍት ይዘን በአውቶብስ ዩኒቨርስቲ ስንገባ እኔ በህይወቴ እንደዛ ትልቅ ላይብረሪ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ፈተናውን ሳይሆን ህንጻውን ነው ሳየው ያደርኩት ማለት ይቻላል። ውጤት ሲመጣ አባቴ አንድ ሳምንት አላናገረኝም፣ ከብት ሸጦ ነው ከተማ ቤት ተከራይቶ ያስተማረኝ፣ ምን ይበል።

ከዛ ሪሚዲያል ገባሁ፣ 50 ላልሞላ ልጅ ዩኒቨርስቲ ውስጥ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ማለት ነው። ሰው ሪሚዲያልን ይንቃል፣ ግቢ ውስጥም ፍሬሾቹ ሙድ ይይዙብን ነበር፣ እኔ ግን በነዛ ጥቂት ወራት የተማርኩትን 4 አመት ሀይስኩል አልተማርኩትም። ማይክሮስኮፕ የነካሁት እዛ ነው። የኛ ትምህርት ቤት ላብ አለ፣ በሩ ላይ ላቦራቶሪ ይላል፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቀው የድሮው ዳይሬክተር ነው እሱ ደሞ ተቀይሯል። የባዮሎጂ ቲቸራችን ሽንኩርት አምጥቶ «በማይክሮስኮፕ ብታዩት እንዲህ እንዲህ ነበር የሚታየው» እያለ በቾክ ሳለልን፣ ነፍሱን ይማረው ጎበዝ ሰው ነበር። መጽሀፉም በቴሌግራም በሶፍት ኮፒ ነው የደረሰን፣ ከክፍላችን ስማርት ስልክ ያለው 9 ልጅ ነበር፣ ቻፕተሩን ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ብር እናዋጣለን፣ ስእሉ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው ምኑም አይታይም።

አሁን 2ኛ አመት ነኝ። 50 ይቀነስ ወይ ለሚለው እኔ ይቀነስ አልልም፣ ያኔ ዝም ብለው ቢያሳልፉኝ ኖሮ ፍሬሽማን ላይ ነበር የምባረረው፣ ወይ ደሞ መጨረሻ ላይ ኤግዚት ኤግዛም፣ የመመረቂያው ፈተና ይጥለኛል፣ 4 አመት ከተበላ በኋላ። ለጎረቤትሽ ልጅ ግን ንገሪው 46 የአለም መጨረሻ አይደለም፣ የሪሚዲያል መቁረጫ እስኪወጣ ይጠብቅ።

ከወልድያ_ማዶ፦

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ጽፋችኋል ግን የሆነ ነገር እየዘለላችሁ ነው። 50 ለማን ነው 50? አዲስ አበባ ላብና ላይብረሪ ያለው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ተመርጦ የገባ፣ እና መምህሩ መንገድ ተዘግቶበት ወር ሙሉ ያልመጣበት ልጅ አንድ ወረቀት ነው የሚቀርብላቸው። ትግራይ ላይ ልጆች በኮሮና ከቤት እንደቀሩ ጦርነቱ ተጨመረና ስንት አመት ክፍል ሳያዩ ቀሩ። እኛ ጋ ደሞ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። ወንድሜ 10ኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፣ ሁለት አመት ቤት ተቀምጦ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ተመለስ ስለው «ከነማን ጋር ልቀመጥ፣ ከታናናሾቼ ጋር?» ይለኛል። እሱ ከወደቁት 91 ውስጥ እንኳን አይቆጠርም፣ አልተፈተነማ! የተፈታኙ ቁጥር በየአመቱ ሲቀንስ አታዩም? 2014 ላይ 900 ሺ ገደማ፣ የ2017ቱ 600 ሺ እንኳን አልሞላም። ፐርሰንቱ ሲያድግ ማን ከስር እንደጠፋ እዩ።

ቾክ_አቧራ፦

@ከወልድያ_ማዶ ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኔም ከዛው አካባቢ ብዙ አልርቅም ስለዚህ አልከራከርህም። አንድ ነገር ብቻ፣ ማለፊያውን 40 ብናደርገው ላንተ ወንድም ምን ይጠቅመዋል? የዘለለውን ማካካሻ ነው የሚያስፈልገው።

ከወልድያ_ማዶ፦

እኔ መቼ 40 ይሁን አልኩ? ትምህርት ቤቱን ፈትኑት ነው ያልኩት። አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ከሆነ ልጁ ብቻ ነው እንዴ ወድቋል የሚባለው፣ ወረዳውስ፣ ቢሮውስ፣ ደሞዙ ወሩን የማይደርስለት መምህርስ? እስካሁን ቤቱ የተላከው ልጁ ብቻ ነው።

ጡረተኛው፦

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ 35 አመት አንደኛ ደረጃ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ይሄን ስልክ ያስለመደችኝ የልጅ ልጄ ናት፣ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ።

አዲስ የምትሉት 6-2-4 (6 አመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 አመት መለስተኛ፣ 4 አመት ሁለተኛ ደረጃ) የኔው ነው። እኔ 6ኛን በጃንሆይ ጊዜ ሚኒስትሪ ተፈትኜ፣ 8ኛን ሚኒስትሪ ተፈትኜ፣ ማትሪኩን በደርግ ወሰድኩ። ከዛ የ1986ቱ ፖሊሲ መጣና የ6ኛው ቀረ፣ 10ኛ ላይ ሌላ ፈተና ተፈጠረ፣ በ2012 እሱም ቀረና እንደገና ወደ እኛው ተመለሳችሁ። ቤል ቦተም ሱሪዬን ሳልጥል ባቆየው ኖሮ እሱም አሁን ፋሽን ነበር። ደግሞ ሪፎርም ሲባል ሁሌ ሰው ይፈራል፣ የሚፈራበትም ምክንያት አለው። ሴክተር ሪቪው የተባለውን የጃንሆይ ጊዜ የትምህርት ማሻሻያ ሀሳብ ታውቁታላችሁ? የካቲት 66 ላይ መምህራኑ ስራ ያቆሙት አንዱ በሱ ነው፣ እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ «የደሀ ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ ይቁም ሊሉ ነው» ተብሎ ከተማው ተናወጠ። ወረቀቱን ያነበበው ስንቱ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ማንም ሳይጠይቀን መጥቶ ነበር፣ ቂሙ እሱ ነው።

የ86ቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነገር በኔ እይታ ጥሩ ነበር፣ ሰው ይቆጣኝ ይሆናል። ያበላሸው ሌላ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ልጁ ቢያውቅም ባያውቅም ይለፍ ተባለ፣ የሚያስተምረው ደግሞ 10ኛ ላይ ነጥብ ጎድሎት ፕሪፓራቶሪ ያልገባው ልጅ ሆነ። ለሀኪም ከላይ የመጣውን ለመምህር ከታች የቀረውን መረጥን። እነዚያን ልጆች አልወቅስም፣ አብሬያቸው ሰርቻለሁ፣ ክፍል ውስጥ 80 ህጻን፣ መጽሀፍ ለሶስት፣ ማን ያነባል ማን ያስመስላል ለማየት ጊዜው የት አለ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ። ልጅሽ የሰራችው አዲስ ነገር አይደለም፣ የቄስ ተማሪ ሁሉ ሰርቶታል። ሀሁን በዜማ ይይዘዋል፣ አይኑን ጨፍኖ ሀ ግእዝ ሁ ካእብ ይልልሻል፣ ፊደሉን ግን አያውቀውም። የኔታ ይሄን ስለሚያውቁ ነው'ኮ አቡጊዳ ያለው! ፊደሉ ቦታ ተቀያይሮ ሲመጣ ዜማው አያድንም፣ በስንደዶ እየጠቆምክ ማየት ብቻ ነው። የኔታ አቡጊዳውንም በቃሌ ከያዝኩት ከታች ወደ ላይ ያስኬዱኝ ነበር፣ እዛ ላይ ነበር ኩርኩሙ። ስለዚህ መጽሀፏን ዝጊው። የማታውቀውን ነገር አስነብቢያት፣ ጋዜጣ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመድሀኒት ወረቀት። በቀን 10 ደቂቃ። ስትሳሳት ቃሉን አትንገሪያት፣ ጠብቂያት፣ ዝምታው ለአንቺ ይከብድሻል እንጂ ለሷ ይጠቅማታል። እንግሊዝኛውንም በዛው መንገድ። ሚኒስትሪውን እርሺው ለጊዜው።

ሪሚዲያል_የወጣ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። አቡጊዳ ለዛ እንደሆነ ዛሬ ገና ሰማሁ 🙏

የሰሚቷ_እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎን በተለይ። ለጎረቤቴ ልጅ የሪሚዲያሉን ጽሁፍ አሳየሁት፣ ሁለቴ አነበበው ምንም አላለም፣ እናቱ ግን ዛሬ ቡና አፈላች።

ትናንት ማታ ልጄን መጽሀፉን ዘግቼ የፓስታ ማሸጊያ ሰጠኋት። «በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ» የሚለው ላይ ቀዝቃዛ ስትደርስ ሶስት ጊዜ ተመለሰች፣ ቀዛ፣ ቀዛዝ፣ እኔ ከንፈሬን ነክሼ ዝም፣ ባለቤቴ ከሶፋው ሊነግራት ሲል በአይኔ አስቆምኩት። በመጨረሻ ወጣላት። ከዛ ፓስታውን አገላብጣ አየችና «እና ለምን ምድጃው ጎን ታስቀምጪዋለሽ?» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ቦታ ቀይሬዋለሁ።