በእጅ የተሠራ የክንፍ ማያያዣ ጥንካሬው በምን ይታወቃል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ለአንድ ሰው የምትሆን ትንሽ አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። እኔን ጨምሮ 250 ኪሎ ትመዝናለች። የክንፉን ድጋፍ ዘንግ ከአካሏ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ማያያዣዎች ከ4 ሚሊ ላሜራ ቆርጬ አስበየድኩ። ሲታዩ ያምራሉ። ላሜራው ግን ከቁርጥራጭ ብረት መሸጫ የተገዛ ነው፤ ዓይነቱን አላውቀውም። እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። እንዴት ልፈትሸው?

ቶርነሪ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ቀለም እንዳትቀባው፤ ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል። ብየዳውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳና ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው። ጠዋት በደንብ ጥረገውና የጠመኔ ዱቄት በስሱ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። የብየዳውን ዳርና የታጠፈውን ቦታ አተኩረህ እይ። ደግሞ ከብሎን ቀዳዳው መሃል እስከ ላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የብሎኑ ውፍረት ሁለት እጥፍ ይኑር።

የአውሮፕላን ጥገና ጡረተኛ (ኮምቦልቻ)፦ ልጄ፣ ቶርነሪው ያለህ ልክ ነው። ግን ስንጥቅ የሌለውም ብረት ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግርህ ጉተታ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ክንፎችህ የክብደቷን 4 እጥፍ ይቻሉ ካልን 1,000 ኪሎ ነው፤ ለአንዱ ክንፍ 500። ይህን ሁሉ ዘንጉ ተሸከመው እንበል። ዘንጉ ግን ጋደል ብሎ ነው የሚይዘው። ከክንፉ ጋር 30 ዲግሪ ከሠራ ጉተታው እጥፍ ይሆናል፤ 10 ኩንታል። እስከዚያ ድረስ ቅርጹ መለወጥ የለበትም። የአውሮፕላን ሥራ ደግሞ 1.5 እጥፍ መጠባበቂያ ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ 15 ኩንታል ሳይበጠስ ይቆይ።

ከዚያው ላሜራ፣ በዚያው በያጅ እጅ ሦስተኛ አሠራ። እሱን ጎትተህ ስበረው። አውሮፕላኗ ላይ እንዳትገጥመው።

ጠያቂ፦ 15 ኩንታል በምን ልጎትት ጋሼ?

ጡረተኛው፦ በረጅምና ጠንካራ ብረት። አንዱን ጫፉን በፒን ያዘው። ማያያዣውን ከፒኑ 20 ሴንቲ ላይ እሰር፤ አሸዋውን 2 ሜትር ላይ ስቀል። አንድ ኩንታል አሸዋ 10 ኩንታል ይጎትታል። የብረቱን የራሱን ክብደትም ቁጠር። አሸዋውን መዝነህ አሥር አሥር ኪሎ ጨምር። በየጊዜው አውርደህ ቀዳዳውን በካሊፐር ለካ። ወደ ልኩ ካልተመለሰ ብረቱ ተሸንፏል። ሰው አጠገቡ አይቁም፣ አደራ!

የመካኒካል ተማሪ (ደሴ)፦ ጋሼ ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። የሞተር ንዝረት ብረትን ቀስ በቀስ ያደክማል። ስንጥቅ ደግሞ ከጭረት ይጀምራል። የግራይንደር ጭረት ካለ በሊማና በብርጭቆ ወረቀት ወደ ጉተታው አቅጣጫ አለስልሰው። ከመብረርህ በፊት ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቅ ወንድሜ።

ጠያቂ (ከሳምንት በኋላ)፦ ሦስተኛውን ጎተትኩት። 9 ኩንታል ላይ ቀዳዳው ሞላላ ሆነ፤ ሸክሙ ሲወርድለትም አልተመለሰም። ሁለቱንም ከአውሮፕላኗ ፈታኋቸው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ዘመዴ 4130 የሚባለውን ለአውሮፕላን ሥራ የሚሆን ብረት ከነሰርተፊኬቱ ሊልክልኝ ነው። ሲመጣ ሦስት አሠርቼ አንዱን እሰብራለሁ።