የሐዋሳ ክረምት መግቢያ ቀን ጁን መጀመሪያ ላይ እየተከማቸ አስቸገረኝ

የታቦሯ
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ በሐዋሳ የዝናብ አገባብና አወጣጥ ላይ ነው። የአንድ ጣቢያ ዕለታዊ መረጃ ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ይዣለሁ፤ የጎደለውን በቺርፕስ (ከሳተላይትና ከጣቢያ ተቀናጅቶ በሚሠራ የዝናብ ግምት) ሞልቻለሁ። መግቢያውን ከጁን 1 (ግንቦት 24) ወዲህ በ3 ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር የሞላበት፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናትም ከ9 በላይ ተከታታይ ደረቅ ቀን ያልታየበት ብዬ ወሰድኩ። ብዙዎቹ ዓመታት ጁን መጀመሪያ ላይ ተከማቹ፤ ጥቂቶቹ እስከ ጁላይ ዘገዩ። ጥፋቱ ከመረጃው ነው ከኮዱ?

ደመና ቆጣሪ
እህቴ፣ አስቀድመሽ መስፈርቱን ጠርጥሪ። ይህ አቆጣጠር የሚያምረው ክረምቱ ከደረቅ ወራት በኋላ ለብቻው በሚገባበት አካባቢ ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ዝናቡ ከማርች ገደማ ጀምሮ በልግና ክረምቱን ሳይለይ እስከ ሴፕቴምበር ይዘልቃል። ጁን 1 ላይ ፍለጋ ስትጀምሪ ዝናቡ ከገባ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ኮዱ የሚመልስልሽ የራስሽን የፍለጋ መነሻ ነው። የዘገዩት ዓመታት ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ ላይሆን ይችላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጣለ 20 ሚሊ ሜትር ሳይሞላ ቆይቶ ይሆናል።

ለማረጋገጥ መነሻውን ወደ ጁን 11፣ ከዚያ ወደ ጁን 21 አዛውሪው። መግቢያው ተከትሎ ከሄደ ነገሩ አለቀ።

መፍትሔው በልግና ክረምቱን እንደ አንድ ረጅም ወቅት መያዝ ነው። ከየዕለቱ ዝናብ ላይ የረጅም ዘመኑን ዕለታዊ አማካይ ቀንሺና ልዩነቱን ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ደምሪ፤ ድምሩ ዝቅተኛውን ነጥብ ባለፈ ማግስት መግቢያ፣ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ መውጫ ይሆናል። የ20 ሚሊ ሜትር ገደብ አያስፈልግም። ከገደቡ ካልወጣሽ ፍለጋውን ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሪ፤ የ30 ቀኑን ቅድመ ሁኔታ ግን አትተዪ፤ በልግ ጀመረ ሲሉት የሚቋረጥ ዝናብ ነው፣ ገበሬውን ዘር የሚያስከፍለውም ይኸው ነው።

ሚሊ ሜትር
በመስፈርቱ እስማማለሁ፤ አሞላሉ ግን ያሳስበኛል። ጣቢያው የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ የተነበበው ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ ስለሆነ የትናንት ከሰዓትና የሌሊቱ ዝናብ በዛሬ ቀን ይመዘገባል። የሳተላይቱ ቀን ግን ከዚህ ጋር አይገጥምም። ቺርፕስን በአንድ ቀን ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተትሽ ከጣቢያው ጋር ያለውን ቁርኝት አወዳድሪ። ዕለታዊው ቺርፕስ የ5 ቀን ድምር ተከፋፍሎ የተገኘ በመሆኑ ለወርና ለወቅት ድምር የሚያገለግለውን ያህል ለመግቢያ ቀን አይታመንም። በመግቢያው ሰሞን ብዙ ቀን የጎደለበትን ዓመት ከመሙላት መተው ይሻላል።

ባዶ ሴሎችንና ለጎደለ መረጃ ምልክት -99.9 የተጻፈባቸውንም ፈትሺ። ሶፍትዌሩ ወደ ዜሮ ከቀየራቸው ያልነበረ ድርቅ ይፈጠርና መግቢያው በሳምንታት ይገፋል።

የታቦሯ
መነሻውን ሳዛውረው መግቢያው ተከትሎ ሄደ። አመሰግናለሁ። መግቢያው በዓመታት ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለመሄዱን የማይበትን የማን ኬንዳል ፈተና በአዲሱ ቀን ልድገመው?

ደመና ቆጣሪ
ድገሚው፤ አስቀድመሽ ግን በዓመታት መካከል ያለውን የራስ በራስ ቁርኝት (የአንዱ ዓመት ቀን ካለፈው ዓመት ጋር መያያዙን) እዪ፤ ካለ የተሻሻለውን ማን ኬንዳል ተጠቀሚ። የሴንን ስሎፕ፣ ማለትም የለውጡን ፍጥነት፣ በ10 ዓመት ስንት ቀን ብለሽ ከነመተማመኛ ክልሉ ጻፊ። ከኤልኒኖ ጋር ስታያይዢም ዓመቱን በጅምላ አትውሰጂ፤ የጁን–ሴፕቴምበርን ዝናብ የሚቀንሰው ኤልኒኖ የኦክቶበር–ዲሴምበሩን በደቡብ ሊጨምር ስለሚችል ሁለቱ ይጣፋሉ።