ሃሎዊን ላይ የሐበሻ ቀሚስ፦ ይለበስ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ላለን ወላጆች ጥያቄው በየዓመቱ ይመጣል። ኦክቶበር 31፣ በሃሎዊን ማታ፣ ልጆች ኮስቱም (የማስመሰያ ልብስ) ለብሰው ቤት ለቤት ከረሜላ ይለቅማሉ። ዘንድሮ የቀረበው ሐሳብ፦ «የሐበሻ ቀሚስ አልብሰን እንላካቸው፣ በዚያው በመኸር በቀላው ቅጠል ሥር ፎቶ እናንሳቸው» የሚል ነው። ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ? ስድብ ይሰረዛል።

ዲያቆኑ፦ እቃወማለሁ። መጀመሪያ ቀኑን እንይ። ጳጉሜ ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ካለው በቀር ኦክቶበር 31 ጥቅምት 21 ላይ ነው የሚውለው፤ ወርኃዊ የእመቤታችን በዓል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ ጽጌ ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ማንንም አላስገድድም፤ የሚጾም ቤት ግን ልጁ በከረጢት ይዞ የሚገባውን ይወቅ። ቸኮሌቱ አብዛኛው ወተት አለበት። የሚለጠጠው ለስላሳ ከረሜላም ብዙውን ጊዜ ጄላቲን አለው፤ ያ ደግሞ ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ይወጣል። ጀርባውን ሳታነቡ አትስጡ። ይህ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንንም ይመለከታል።

ሉላ፦ ዲያቆን፣ ከረሜላው ላይ እስማማለሁ፤ ዋናው ነገር ላይ ግን አይደለም። ኖቬምበር 1 በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፣ ሃሎዊን ዋዜማው ነው። በእርግጥ ከዚያ በፊት የኬልቶች (የጥንት የአየርላንድና የብሪታንያ ሕዝቦች) የመኸር በዓል ነበረበት። ዱባ መቅረጹም ከአየርላንድ የመጣ ነው፤ እዚያ ተርኒፕ የሚባል ሥር ይቀርጹ ነበር፣ አሜሪካ ሲመጡ ዱባው ትልቅና ለቢላ የሚመች ሆኖ አገኙት። ቤት ለቤት መዞር ደግሞ ለእኛ ልጅ ባዕድ ነው እንዴ? ነሐሴ 13 ሆያ ሆዬ እያለ ሙልሙል የሚለቅመው ማን ነው?

ዲያቆኑ፦ የቡሄ ልጅ ጨፍሮ፣ መርቆ ነው ሙልሙሉን የሚቀበለው። እዚህ ምን ሰጥቶ ይቀበላል?

የሸማ ስፌት፦ የሃይማኖቱን ለእናንተ ትቼ ስለ ጨርቁ ልናገር፣ እሱን ማንም አላነሳውምና። ነጠላ ስስ ጥጥ ነው፤ ሳሳ ብሎ ስለተሸመነ አየር በውስጡ ያልፋል፣ እሳት ከነካው ቶሎ ይያያዛል። ሃሎዊን ማታ ደግሞ ሻማ የበራበት ዱባ የሚቀመጠው ደረጃ ላይ ነው፣ ልክ በልጅ ጉልበት ከፍታ። ልጅቷ ከረሜላ ልትቀበል ስታጎነብስ የነጠላው ጫፍ ወዴት እንደሚወርድ አስቡት። የሱቅ ኮስቱም «እሳት የሚቋቋም» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ይሸጣል፤ በእጅ የተሸመነ ጥጥ ያ የለውም። ስለዚህ ለማታ ነጠላው ቤት ይቅር። ቀሚሱም ከቁርጭምጭሚት በላይ ይታጠፍ፤ በረጅም ስፌት ጠቅ ጠቅ ካደረጋችሁት በማግስቱ ይፈታል። ከውስጥ ሙቅ ሹራብና ታይት ይልበሱ፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል። ነጭ ልብስ በጨለማ ከጥቁር ይሻላል፣ ነገር ግን የመኪና መብራት አያንጸባርቅም፤ የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ከረጢቱና የጫማው ተረከዝ ላይ ለጥፉ።

ሌላው የፊት ቀለምና የውሸት ደም ነው። ሸማ ላይ ከፈሰሰ በቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ አንሱት። አትሹት፣ ሙቅ ውሃም አታስጠጉ፤ እድፉ ይጸናል፣ የጥለቱ ክርም ቀለሙን ለቆ ነጩን ያበላሻል።

ፎል ካሜራ፦ እትዬ ስፌት እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ቀሚሱንም ፎቶውንም እደግፋለሁ፣ ግን ከ31 ማታ ለዩት። ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ባለው ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል መንገድ ነው፣ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል። ከፍታው ላይ ቅጠሉ ቀድሞ ይቀላል፣ ቀድሞም ይረግፋል፤ ደንበኛው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው ሳምንት ነው። በሃሎዊን ቀን ተራራው ጫፍ ብትወጡ ባዶ ቅርንጫፍ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ከተማ ውስጥ ግን ገና ይኖራል።

አሁን ሁሉም የሚሳሳትበት። ነጭ ቀሚስና ጠቆር ያለ ፊት አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ ካሜራው ግራ ይጋባል። ቀሚሱ ፍሬሙን ከሞላው ያጨልመዋል፣ ፊት ይጠፋል። ከኋላ ጥቁር ደን ካለ ያበራዋል፣ ቀሚሱ ወረቀት ይመስላል፣ ሽመናውና ጥለቱ ይጠፋሉ። መፍትሔው ከቀጥታ ፀሐይ መሸሽ ነው፤ ደመናማ ቀን ወይም ክፍት ጥላ። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ተጭናችሁ ይዛችሁ ቆልፉት፣ ከዚያ የብርሃኑን ምልክት የጥለቱ ክር እስኪታይ ብቻ ዝቅ አድርጉ። ጨለማውን ኋላ ማንሳት ይቻላል፣ ተቃጥሎ የጠፋ ነጭ ግን አይመለስም። ነጠላው እዚህ ይጠቅማል፤ ከአገጭ በታች ሲሆን ብርሃን ወደ ፊት ይመልሳል።

ነጭ ጨርቅ የአካባቢውን ቀለም ይጠጣል። ቢጫ ዛፍ ሥር ካስጠጋችኋት ቀሚሱ እርድ የነካው ይመስላል፤ ሦስት ሜትር ያህል ወደፊት አምጧት። ቀይ ጥለት በቀይ የሜፕል ዛፍ ፊት ይዋጣል፣ ቢጫ የጊንኮ ዛፍ ፊት ግን ይወጣል። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) ከአውቶ አውጥታችሁ «ደመና» ላይ አድርጉት፣ አውቶው የቅጠሉን ሞቅ ያለ ቀለም ያቀዘቅዘዋል። ቅጠል የምትበትን ልጅ ከሆነች የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አይዘግይ። ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ፖላራይዘር ማጣሪያ የእርጥብ ቅጠልን ብልጭታ ያጠፋል፣ አንድ ተኩል ስቶፕ ያህል ብርሃን ግን ይበላል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)።

እዚሁ ያደገች፦ ካሜራው ሁሉ ጥሩ፣ ግን ዋናውን አለፋችሁት። ትምህርት ቤት የኮስቱም ሰልፍ አለ እንበል። አንዱ ዞምቢ፣ አንዱ ሸረሪት፣ አንዷ የሐበሻ ቀሚስ። «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?» ይሏታል። መልሷ «ኢትዮጵያዊት» ከሆነ፣ ጥምቀት ላይ የምትለብሰው ልብስ ማታ የሚወልቅ ጭምብል ሆነ ማለት ነው። በማግስቱ ሌላ ልጅ «እኔም ለሚቀጥለው ዓመት እሱን እገዛለሁ» ሲላት ምን ትመልስ? ፎቶውን አንሱ፣ ሰልፉ ላይ ግን አታስወጧት።

ሉላ፦ ይህስ አሳማኝ ነው። እንግዲያው ልብሱን ትተው ሰውየውን ይሁኑ። አበበ ቢቂላ፣ ሮም 1960፦ አረንጓዴ ካናቴራ፣ ቀይ ቁምጣ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ 11 ቁጥር፣ አራት መርፌ ቁልፍ። ሲጠይቁት የሚናገረው ታሪክም አለው።

የሸማ ስፌት፦ ባዶ እግሩን ግን እንዳትልኩት! በጫማ ላይ ቡናማ ካልሲ ማጥለቅም ይቅር፣ እርጥብ ቅጠል ላይ ያንሸራትታል።

ፎል ካሜራ፦ ጫማ ያለው አበበም አለ እኮ፣ የ1964ቱ የቶኪዮ።

ዲያቆኑ፦ አበበ ይሁን ጣይቱ፣ እኔ ልጅ አላወጣም። ግን በሬ ይንኳኳል፤ ምን ላድርግ?

ሉላ፦ መቀበል ካልፈለጉ የደጁን መብራት ያጥፉ፣ ደንቡን ስለሚያውቁት አያንኳኩም። መስጠት ከፈለጉ ደግሞ እርሳስ፣ ተለጣፊ ሥዕል፣ ትንሽ ኳስ ያዘጋጁና አንድ ዱባ አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ ቀብተው ደጅ ያስቀምጡ። «የማይበላ ስጦታ አለ» ማለት ነው፤ ኦቾሎኒና ወተት የማይስማማቸው ልጆች ወላጆች ያንን ነው የሚፈልጉት። የጾሙም ጣጣ አብሮ ይቀራል። ውስጡ ግን ሻማ ሳይሆን የባትሪ መብራት ያድርጉ።

ዲያቆኑ፦ እርሳሱን አስብበታለሁ። ዱባውንስ ወጥ ልሠራበት እችላለሁ?

የሸማ ስፌት፦ የተቀባውንማ አይሆንም። ያልተቀባውም ቢሆን ለመቅረጽ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውሃ ውሃ ይላል፣ ክር ይበዛዋል፤ ወጡ አይረጋም። ትንሹን የፓይ ዱባ ወይም በተርነት የሚባለውን ረዘም ያለ ዱባ ይግዙ።